የሰውነት ጸጉርን በዋክስ ማንሳት

የሰውነት ጸጉርን በዋክስ ማንሳት ማለት የሚያጣብቅ ነገር ቆዳ ላይ ቀብቶ፣ ጸጉሩ ከተያዘ በኋላ በአንድ ጊዜ በመሳብ ጸጉርን ከነሥሩ መንቀል ነው። ምላጭ ጸጉርን ከቆዳው ወለል ላይ ይቆርጣል፤ ዋክስ ግን ከሥሩ ስለሚያወጣ ጸጉሩ ተመልሶ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። በኢትዮጵያ ከተሞች አገልግሎቱ በውበት ሳሎኖችና በሴቶች ጸጉር ቤቶች ይሰጣል። የተዘጋጀ ዋክስ ገዝተው ወይም ስኳርና ሎሚ አፍልተው በቤታቸው የሚሠሩም አሉ።

ዋክስ በሳሎንም ሆነ በቤት ቃጠሎ፣ የቆዳ መላጥና ኢንፌክሽን ሊያስከትል ይችላል። የትኛው ቦታ እንደሚሻል የሚወስኑት አራት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም የዋክሱ ሙቀት፣ የዕቃው ንጽሕና፣ የቆዳው ሁኔታና ጸጉሩ የሚነሳበት የሰውነት ክፍል ናቸው። እንደ ላሊበላና የላስታ ደጋ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ ከፍታው፣ ብርዱና የውሃ አቅርቦቱ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ።

ስያሜው

«ዋክስ» የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ሰም» ነው። ሆኖም በሳሎን የሚሠራበት ዋክስ ንጹሕ የንብ ሰም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከዛፍ ሙጫ፣ ከዘይትና ከልዩ ልዩ ሰሞች ተቀላቅሎ፣ ለቆዳ በሚስማማ ሙቀት እንዲለሰልስ ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

ይህን ልዩነት ማወቅ በላስታ በተለይ ይጠቅማል። አካባቢው በነጭ ማሩ የታወቀ ሲሆን፣ የከተማዋ ስም የተወሰደበት የንጉሥ ላሊበላ ስምም በትውፊት ከንብ ጋር ይያያዛል፤ ንጉሡ ሲወለድ የንብ መንጋ ከቦት ነበር ይባላል። ከማሩ የሚለየው ሰም ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ መሥሪያ ይውላል። ስለዚህ ሰም በቤት ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ለጸጉር ማንሻ አይሆንም። ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እንኳ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል። የቀለጠ ሰም ደግሞ እንደ ውሃ አይፈስም፤ ቆዳው ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ጧፍ ወይም ሻማ አቅልጦ ቆዳ ላይ መቀባትም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው።

አሠራሩ

እያንዳንዱ ጸጉር የሚበቅለው በቆዳ ውስጥ ካለ ትንሽ ከረጢት ነው። ጸጉሩ በዋክስ ሲነቀል ከረጢቱ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከላይ ያለው ስስ የቆዳ ሽፋንም በከፊል አብሮ ይነሳል። በዚህም የተነሳ ቆዳው ለአንድና ለሁለት ቀን ይቀላል፣ ለሙቀትና ለላብ ይቆጣል፣ ለጀርምም ይጋለጣል።

ዋክሱ ጸጉሩን አጥብቆ እንዲይዝ ጸጉሩ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የስንዴ ፍሬ ያህል ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ካጠረ ዋክሱ አይዘውም፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ሕመሙ ስለሚበረታ አስቀድሞ በመቀስ ይከረከማል።

የዋክስ ዓይነቶች

* ለስላሳ ዋክስ፦ ሞቆ በስሱ ይቀባል፤ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይለጠፍበትና ይሳባል። እንደ እግርና ክንድ ላሉ ሰፋፊ ቦታዎች ይመረጣል። ቆዳውንም ስለሚይዝ አንድን ቦታ ደጋግሞ መሳብ ቆዳ ይልጣል።
* ጠንካራ ዋክስ፦ ወፈር ብሎ ይቀባል፤ ሲደርቅ ያለ ጨርቅ በራሱ ይሳባል። ከቆዳው ይልቅ ጸጉሩን ስለሚይዝ ለብብት፣ ለፊትና ለብሽሽት ይውላል።
* ቀዝቃዛ ዋክስ፦ በወረቀት ላይ ተቀብቶ የሚሸጥ ነው። በእጅ መዳፍ መካከል ታሽቶ ሞቅ ካለ በኋላ ይለጠፋል። የማቃጠል አደጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ ግን አጫጭርና ወፍራም ጸጉርን በደንብ አይነቅልም።
* የስኳር ዋክስ፦ ስኳር፣ ውሃና የሎሚ ጭማቂ አብረው እስኪወፍሩ ድረስ ተፍልተው የሚዘጋጅ ነው። በአረብ አገሮች «ሐላዋ» ይባላል። በውሃ ስለሚታጠብ ለማጽዳት ይቀላል። ለብ ሲል በእጅ ከጸጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ ይለጠፍና በአበቃቀሉ አቅጣጫ ይሳባል።

ሊደርሱ የሚችሉ ጉዳቶች

ቃጠሎ፦ ከመጠን በላይ በሞቀ ዋክስ ይመጣል። ከሁሉም የሚከፋው ከምድጃ ላይ ገና የወረደ የስኳር ዋክስ ነው። እየፈላ ያለ ስኳር ከፈላ ውሃ የበለጠ ይሞቃል፤ ከቆዳም ጋር ይጣበቃል።

የቆዳ መላጥ፦ የሳሳ ወይም በመድኃኒት የተጎዳ ቆዳ ከጸጉሩ ጋር ሊገፈፍ ይችላል።

ወደ ውስጥ የሚያድግ ጸጉር፦ አዲሱ ጸጉር ወደ ውጭ መውጣት ትቶ ቆዳው ውስጥ ተጠቅልሎ ሲቀር ብጉር የመሰለ እብጠት ይፈጠራል። ጥቅልል ጸጉር ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። ጠየም ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ እብጠቱ ከዳነም በኋላ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

ኢንፌክሽን፦ በክፍት የጸጉር ከረጢቶች በኩል በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ገብተው መግል የያዘ ብጉር ወይም እባጭ ያስከትላሉ። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም ሊያጋጥም ይችላል። ቆዳ ሲነቀል ደም ሊያንጠባጥብ ስለሚችል፣ ደም የነካው ወረንጦ ወይም መቀቢያ ሳይጸዳ ለሌላ ሰው ማዋል ተገቢ አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ሰዎች በሕፃንነታቸው አላገኙትም።

አለርጂ፦ በዋክስ ውስጥ ያለው የዛፍ ሙጫ ወይም ሽቶ በአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ላይ ማሳከክና ሽፍታ ያመጣል። አዲስ ዋክስ ከመጠቀም በፊት በክንድ ላይ በትንሽ ቦታ ሞክሮ 24 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል።

ዋክስ የማይመከርላቸው ሰዎች

የሚከተሉት ሰዎች ሳሎን ቢሄዱም ሆነ በቤት ቢሠሩ ዋክስን መተው ወይም አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው፦

* ለብጉር ሕክምና አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን እንክብል የሚወስዱ፣ እንዲሁም ካቆሙ 6 ወር ያልሞላቸው። መድኃኒቱ ቆዳን ስለሚያሳሳ ዋክሱ ቆዳውን ሊገፍና ጠባሳ ሊተው ይችላል።
* እንደ ትሬቲኖይንና አዳፓሊን ያሉ የብጉር ቅባቶችን በዚያው ቦታ የሚቀቡ።
* የቆዳ ማቅለያ ክሬም የሚጠቀሙ። ከእነዚህ ክሬሞች ብዙዎቹ ስቴሮይድ ስላለባቸው በጊዜ ብዛት ቆዳን ያሳሳሉ። ክሬሙ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ ቢሆንም ለባለሙያዋ መንገር ያስፈልጋል።
* የስኳር በሽታ ያለባቸው ወይም በሌላ ምክንያት ቁስላቸው ቶሎ የማይድን።
* እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ።
* ያበጡ የእግር ደም ሥሮች ያሏቸው፣ ዋክሱ በዚያው ቦታ የሚደረግ ከሆነ።
* ኬሎይድ፣ ማለትም እያደገ የሚሄድ ጠባሳ የሚያወጣ ቆዳ ያላቸው።

በቁስል፣ በእባጭ፣ በኪንታሮት፣ በፀሐይ በተቃጠለ ቆዳና «ማርያም የሳመችው» በሚባለው ጎልቶ የወጣ ምልክት ላይ ዋክስ አይደረግም። በከንፈር ዙሪያ ምች የወጣበት ሰውም እስኪድን መጠበቅ አለበት።

በሳሎን

የሳሎን ዋና ጥቅሙ የሠለጠነ እጅና ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ማሞቂያ መኖሩ ነው። ባለሙያዋ ሰውየው ራሱ ሊያያቸውና ሊደርስባቸው የማይችላቸውን ቦታዎችም ትሠራለች። ጉዳቱ ደግሞ ዕቃው የብዙ ሰው መሆኑ ነው። ስለዚህ ሳሎንን ለመምረጥ ከግድግዳው ጌጥ ይልቅ የሥራውን ሂደት መመልከት ይሻላል። ከመጀመሩ በፊት የሚታዩት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፦

* ባለሙያዋ እጇን ታጥባ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ጓንት ታደርጋለች?
* ቆዳ የነካው የእንጨት መቀቢያ ወደ ዋክሱ ዕቃ ተመልሶ ይገባል? አንዴ ቆዳ የነካ መቀቢያ መጣል አለበት። መቀቢያው ተመልሶ ከገባ የቀደመችው ደንበኛ ጀርም ወደ ዕቃው ይተላለፋል። የዋክሱ ሙቀት ጀርሙን ይገድላል ብሎ መተማመንም አይቻልም።
* የተሳበ ዋክስ ተሰብስቦና ቀልጦ እንደገና ይሠራበታል? ይህ ፈጽሞ ተገቢ አይደለም።
* አልጋው ላይ የሚነጠፈው ወረቀት ወይም ፎጣ ለእያንዳንዱ ሰው ይቀየራል?
* ወረንጦና መቀስ በምን ይጸዳሉ? በመጀመሪያ በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ከዚያም በ70 በመቶ አልኮል ወይም በተበረዘ በረኪና መጽዳት አለባቸው። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ሲሆን አንድ እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ ይበረዛል፤ ዕቃው 10 ደቂቃ ተነክሮ ይወጣና እንዳይዝግ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል።
* ባለሙያዋ ስለ መድኃኒት፣ ስለ አለርጂና ስለ ቆዳ ሕመም ትጠይቃለች? ሙቀቱንስ በራሷ አንጓ ላይ ትሞክራለች?

ባለሙያዋ የሙያ ሥልጠና መውሰዷንና የሙያ ብቃት ምዘና ማለፏን መጠየቅም ነውር አይደለም። ደንበኛዋ የራሷን ወረንጦና ፎጣ ይዛ መምጣት ትችላለች። መቀቢያው ወደ ዕቃው ሲመለስ ካየች ሥራውን ማስቆም መብቷ ነው።

በቤት

በቤት የመሥራት ጥቅሙ ዕቃው የአንድ ሰው ብቻ መሆኑ፣ ወጪው መቀነሱና ገመናን መጠበቁ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሙቀቱን መገመት አስቸጋሪ መሆኑና አንድ ሰው በአንድ እጁ ቆዳ ወጥሮ በሌላው መሳብ የማይችልባቸው ቦታዎች መኖራቸው ነው። ለጀማሪ የሚመቹት ከጉልበት በታች ያለው የእግር ክፍልና ክንድ ናቸው። ብብት፣ ብሽሽት፣ ቅንድብና የላይኛው ከንፈር ግን ቆዳቸው ስስ ወይም የተጨማደደ ስለሆነ ለሠለጠነ እጅ መተው ይሻላል።

ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል፦

1. ቆዳውን በሳሙና ታጥቦ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ። ቅባት ካለበት ዋክሱ አይይዝም።
2. የተገዛ ዋክስ ከሆነ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የማሞቂያ ጊዜ መከተል። ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከሌለ የዋክሱን ጣሳ በሞቀ ውሃ በተሞላ ድስት ውስጥ ማስቀመጥ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አለመጣድ፤ ዋክስ በእሳት ይቀጣጠላል።
3. በደንብ ማማሰል። ዳሩ ቀዝቅዞ መሐሉ ሊያቃጥል ይችላል።
4. ጥቂት ጠብታ በአንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ መሞከር። ለብ ያለ ስሜት ካልሰጠ መጠበቅ።
5. ለስላሳ ዋክስን በጸጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ በስሱ መቀባት፣ ጨርቁን ለጥፎ መጫን፣ ቆዳውን ወጥሮ በተቃራኒው አቅጣጫ በፍጥነት መሳብ። ጨርቁ የሚሳበው ከቆዳው ጋር ተጠግቶ ነው፤ ወደ ላይ መሳብ ቆዳን ያቆስላል።
6. በአንድ ቦታ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ አለመሳብ። የቀሩትን ጸጉሮች በጸዳ ወረንጦ መልቀም።

በቤት የሚሠራ ዋክስም ቢሆን እህትማማቾች ወይም ጓደኛሞች የሚጋሩት ከሆነ የሳሎኑ ደንብ ይሠራበታል፤ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ዕቃና የተለየ መቀቢያ ያስፈልጋል።

በላሊበላና በላስታ ደጋ

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። ይህ ከፍታ በዋክስ ሥራ ላይ የሚያመጣቸው ለውጦች አሉ።

በመጀመሪያ፣ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የስኳር ዋክስ አሠራር መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ 120 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ማፍላትን ያዝዛሉ፤ ይህ ግን ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገሮች የተሰላ ነው። በላሊበላ ያው ውፍረት የሚገኘው ከዚያ 8 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ነው። ቴርሞሜትሩ የመመሪያውን ቁጥር እስኪያሳይ የጠበቀ ሰው ስኳሩ ከመጠን በላይ ይጠነክርበታል፤ ያንን ለማለስለስ እንደገና ሲያሞቅ ለቃጠሎ ይጋለጣል። ይልቁንም አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምሮ፣ በጣት ሲያድበለብሉት ለስላሳ ኳስ መሆኑን ማየት የተሻለ መለኪያ ነው። ከዚያም የሰውነት ሙቀት ያህል እስኪሆን ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ብርዱ ነው። በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ወራት ዋክሱ ቆዳው ላይ ቶሎ ይደርቃል። ብዙዎች ለዚህ መፍትሔ ብለው ዋክሱን አብዝተው ያሞቃሉ፤ ቃጠሎም የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ትክክለኛው መንገድ ክፍሉን ማሞቅ፣ ዋክሱን በትንንሽ ቦታ መቀባትና ቶሎ መሳብ ነው። ክፍሉ በከሰል የሚሞቅ ከሆነ የከሰል ጢስ መርዝ እንዳይሆን በርና መስኮት ገርበብ ማለት አለባቸው።

ሦስተኛው የመብራትና የውሃ ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ሳሎኖችም ወደ ከሰል ምድጃ ስለሚዞሩ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው የማሞቂያ መሣሪያ ጥቅም ይቀራል። በዚያን ቀን ሳሎን መሄድ በቤት ከመሥራት ይሻላል ማለት አይቻልም፤ ቀጠሮውን ማስተላለፍ ይመረጣል። ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤትም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በቅርብ መቀመጥ አለበት።

አራተኛው ፀሐይ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ዋክስ የተደረገ ቆዳ በቀላሉ ስለሚጠቁር ለሁለት ቀን ያህል በልብስ ወይም በነጠላ መሸፈን ይገባዋል።

በአካባቢው ካሉ የውበት ልማዶች ጋርም ዋክስን ማቀናጀት ያስፈልጋል። በወሎ ሴቶች የሚሞቁት ወይባ ጢስ ቆዳን በሙቀት ስለሚከፍትና ስለሚያልብ፣ ዋክስ በተደረገበት ቀንና በማግስቱ አይመከርም። እንሶስላ ወይም ሂና የምትቀባ ሴትም ዋክሱን አስቀድማ አድርጋ ቆዳዋ እስኪረጋጋ መጠበቅ አለባት። የገና በዓል እንግዶች ላሊበላን በሚያጨናንቁበት ሰሞንና በጥር ሠርጎች ወቅት ሳሎኖች ስለሚጣበቡ የንጽሕናው ሥራ ሊጓደል ይችላል። ለሠርግ የሚዘጋጁ ሙሽሮች ዋክሱን ከሠርጉ 3 ወይም 4 ቀን ቀደም ብለው ቢያደርጉ ወረፋውን ያመልጣሉ፤ የቆዳው መቅላትም እስከዚያ ይጠፋል።

ከዋክስ በኋላ

ለ24 እስከ 48 ሰዓት ሙቅ ውሃ፣ ከባድ ስፖርት፣ ጠባብ ልብስ፣ ሽቶና ዲዮድራንት መተው ይገባል። ቆዳውን በንጹሕ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማቀዝቀዝና ሽታ የሌለው ማለስለሻ መቀባት ይጠቅማል። ከሁለት ወይም ሦስት ቀን በኋላ ቆዳውን በለስላሳ ጨርቅ በቀስታ ማሸት ወደ ውስጥ የሚያድግ ጸጉርን ይቀንሳል። በቆዳ ውስጥ የቀረን ጸጉር በመርፌ መቆፈር ግን ጠባሳና ኢንፌክሽን ያመጣል።

ቃጠሎ ቢደርስ

ቃጠሎው እንደደረሰ ቦታውን ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ከሌለ ከጀሪካን በጣሳ እየቀዱ በቀስታ ማፍሰስ ይቻላል። በረዶ አይደረግም። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና ሊጥ ሙቀቱን ስለሚያፍኑ ወይም ቁስሉን ስለሚበክሉ መቀባት የለባቸውም። ቀለበትና አምባር ቆዳው ሳያብጥ ይወልቃሉ።

የተጣበቀው ዋክስ እንዲጠነክር አብሮ ይቀዘቅዛል እንጂ በኃይል አይነቀልም፤ ቆዳውን ይዞ ሊነሳ ይችላል። ቆዳው ካልተላጠና ውሃ ካልቋጠረ የቀረው ዋክስ በቫዝሊን ወይም በምግብ ዘይት ይለሰልሳል። የስኳር ዋክስ ከሆነ ውሃው ራሱ ያሟሟዋል። ቆዳው ውሃ ከቋጠረ አይፈነዳም፤ በንጹሕ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይሸፈናል።

ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ የሚሰፋ ከሆነ፣ ፊት ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ወይም ቆዳው ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ሕመም ከሌለው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ከቀናት በኋላ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ትኩሳት ወይም በብብትና በብሽሽት ንፍፊት ከታየም እንዲሁ ነው። ከጤና ጣቢያ በእግር ሰዓታት በሚያስጉዙ የላስታ ቀበሌዎች ይህ ርቀት ራሱ በምርጫው ውስጥ መታሰብ አለበት፤ በዚያ ሆኖ በቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው ከፈላ ስኳር ይልቅ ቀዝቃዛውን ዋክስ ቢመርጥ ይሻላል።

አማራጮች

የሰውነት ጸጉር ቆዳን ከመፋተግ የሚጠብቅ የተፈጥሮ አካል ነው፤ ማንሳቱ ለጤናም ሆነ ለንጽሕና ግዴታ አይደለም። ዋክስ የማይስማማው ሰው ጸጉሩን በመቀስ ወይም በማሽን ማሳጠር ይችላል፤ ይህ ቆዳን ስለማይነካ ከሁሉም ያነሰ ጉዳት አለው። ምላጭ የሚጠቀም ሰው ደግሞ የራሱን አዲስ ምላጭ፣ ሳሙናና ውሃ ተጠቅሞ በጸጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ መላጨት አለበት። ምላጭ እንደ ወረንጦና መቀቢያው ሁሉ ለሌላ ሰው አይሰጥም።